ሸራ ጀልባ ላይ ቀኑ እንዴት ይውላል ላልሽው

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። ባለቤትሽ «ሸራ ጀልባ እንግዛና በጋውን ግሪክ እንኑርበት» ብሎሻል። አንቺ ደግሞ ውሎው፣ ውሃው፣ ሽንት ቤቱና ምግቡ አሳስቦሻል። እኔና ባለቤቴ የምንኖረው ጀርመን ነው። በጋ በጋ ግን ሌፍካዳ በምትባል የግሪክ ደሴት አካባቢ፣ አዮኒያ ባህር ላይ፣ 11 ሜትር በምትሆን አሮጌ ጀልባ ነን። ስለዚህ ከኑሮው ልንገርሽ።

ፎቶ ላይ የምታይው፣ ሸራው ተነፍቶ ጀልባዋ የምትበርበት ሰዓት ከቀኑ ትንሹ ነው። እዚያ አካባቢ በጋ ላይ ጠዋት ነፋስ ብዙም የለም። ከሰዓት በኋላ ማይስትሮ የሚሉት የሰሜን ምዕራብ ነፋስ ይነሳል፤ ሲመሽ ይተኛል። በሸራ የምትሄዱት ያኔ ነው። ሌላው ሰዓት ሂሳብ ነው። ውሃ ስንት ቀረ? ባትሪው እንዴት ነው? ማታ የት እናድራለን?

ውሃ ከሁሉ ይቀድማል። የእኛ ታንከር 300 ሊትር ይይዛል። ሁለት ሰው ቆጥቦ ከተጠቀመ ሳምንት ይሻገራል፤ ቤት እንደለመድሽው ከከፈትሽው ግን ሁለት ቀንም ላይቆይ ይችላል። ዕቃ በባህር ውሃ ታጥቦ በመጨረሻ ብቻ በንጹህ ውሃ ይለቀለቃል። ገላም እንደዚያው ነው፤ ባህር ውስጥ ዋኝተሽ ትወጪና ጨዉን በአንድ ሁለት ጣሳ ታወርጃለሽ። ፀጉርሽን ሹሩባ ተሠርተሽ ሂጂ። ይህን የጀልባ ሰዎች አይነግሩሽም።

መብራቱ 12 ቮልት ነው፣ ከሶላር የሚሞላ ባትሪ። አብዛኛውን የሚበላው ፍሪጁ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድማ አይታሰብም። እንጀራ አይቅርብኝ ካልሽ ድርቆሽ ያዢ። የድሮ ዘማች ይሰንቀው የነበረው ሁሉ ለጀልባ ይሆናል፦ በሶ፣ ቆሎ፣ ቋንጣ፣ ሽሮ። አንዱም ፍሪጅ አይፈልግም። ሽሮና በርበሬውን ብቻ ክዳኑ ጥብቅ በሆነ ዕቃ አድርጊ፤ የባህሩ እርጥበት ያጓጉለዋል። የምትጾሚ ከሆነ ደግሞ ደስ የሚል ነገር አለ። ግሪኮችም ኦገስት መጀመሪያ ላይ ፍልሰታን ይጾማሉ፤ የእነሱ ከእኛ ስድስት ቀን ቀድሞ ይገባል። የጾም ምግብ ፍለጋ አትቸገሪም።

ምድጃው ጋዝ ነው። ጀልባዋ ስታዘነብል እሱ እየተወዛወዘ ቀጥ ብሎ ይቆያል። ቡና ይፈላበታል፣ ግን ጀበናውን ለወደብ አቆዪው፤ ባህር ላይ ሰፊ መቀመጫ ያለው ድስት ይሻላል። አብስለሽ ስትጨርሺ ጋዙን ከሲሊንደሩ ዝጊ። ጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ ካፈተለከ ወደ ጀልባዋ ሆድ ወርዶ ይጠራቀማል። ከዚያ አንዲት የእሳት ፍንጣቂ ትበቃዋለች።

ሽንት ቤቱ በእጅ ፓምፕ ነው። በልተሽ ካላወጣሽው በቀር ምንም አይገባበትም፤ ወረቀትም ቢሆን ቅርጫት ውስጥ ነው። ከተዘጋ የሚፈታው ከሁለታችሁ አንዳችሁ ናችሁ። እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የምናስረዳው ይህንኑ ነው፣ ሻይ እንኳ ሳናቀርብ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ መልህቅ። ማታ እንቅልፍ የሚሰጥሽም የሚነሳሽም እሱ ነው። ውሃው 6 ሜትር ጥልቀት ካለው 30 ሜትር ያህል ሰንሰለት እንለቃለን፤ አምስት እጥፍ መሆኑ ነው። ከዚያ ሞተሩን ወደኋላ አድርገን እንስበዋለን፣ መሬቱን እስኪነክስ። ሲነክስ ሰንሰለቱ ይወጠርና ጀልባዋ ቀጥ ትላለች። ከላይ ስታይው ነጣ ያለው አሸዋ ነው፣ እሱ ላይ ጣይ። ጠቆር ያለው ብዙ ጊዜ ፖሲዶኒያ የሚባለው የባህር ሣር ነው። መልህቅ በደንብ አይዝበትም፣ ሣሩም በሕግ የተጠበቀ ነው። እኔ መነጽር አድርጌ እዋኝና መልህቁን በዓይኔ አየዋለሁ። ከዚያ ዳር ላይ ሁለት ነገር እመርጣለሁ፤ አንድ የወይራ ዛፍና ከኋላው ያለ የቤት ጥግ፣ በአንድ መስመር። ሌሊት ስነሳ ጨረቃ ካለች እነሱን አያለሁ። መስመራቸው ከተፋለሰ ጀልባዋ ዞራ ወይም ተጎትታ ይሆናል፤ ያኔ ባለቤቴን እቀሰቅሳለሁ። የስልክ አላርምም አለ፣ እኛም እንከፍተዋለን። እኔ ግን ዛፉን የበለጠ አምነዋለሁ።

ትዳር የሚፈተነውም እዚያችው መልህቅ ላይ ነው። አንዱ ከፊት ሰንሰለቱን ይዞ፣ ሌላው ከኋላ መሪውን ይዞ፣ ሞተሩ እየጮኸ መደማመጥ የለም። በየወደቡ ባልና ሚስት ሲጯጯሁ ትሰሚያለሽ፤ የተቀመጠው ሁሉ ቢራውን ይዞ ያያል። እኛ የእጅ ምልክት ተስማማን፦ ሂድ፣ ቁም፣ ወደኋላ፣ ግራ፣ ቀኝ። አንድ ቃል ሳንነጋገር እንጨርሳለን። ይህን ገና መሬት ላይ እያላችሁ ተስማሙ።

ባህሩ ያዞረኛል ብለሽ ከፈራሽ መድኃኒቱን ከመነሳታችሁ በፊት ውሰጂ፤ ከጀመረሽ በኋላ ብዙም አይረዳም። ውጭ ተቀመጪና አድማሱን እዪ። ታች ወርደሽ አታንብቢ፣ አታብስዪ።

ወረቀቱንም አጣሩ። የአውሮፓ ኅብረት ዜግነት ወይም የግሪክ የመኖሪያ ፈቃድ ከሌላችሁ ግሪክ ላይ በ180 ቀን ውስጥ ከ90 ቀን በላይ አትቆዩም፣ ጀልባ ላይም ሆናችሁ። ከ7 ሜትር በላይ የሆነ ጀልባ ግሪክ ውስጥ ቴፓይ የሚባል ክፍያ አለበት። ኢንሹራንስም ግድ ነው።

እና አሁኑኑ አትግዙ። ሌፍካዳ ላይ ጀልባ ለሳምንት የሚያከራዩ ሞልተዋል። መንጃ ወረቀት ከሌላችሁ ከነካፒቴኑ ተከራዩ። ኦገስት አጋማሽ ላይ አይሁን፤ የእመቤታችን በዓል ስለሆነ ወደቡ ሁሉ ይሞላል። ሴፕቴምበር ይሻላል፤ ባህሩ ገና ሞቃት ነው፣ ኪራዩም ቀነስ ይላል። በዚያ ሳምንት ቢያንስ ሁለት ሌሊት ከወደብ ውጭ፣ በመልህቅ እደሩ። ማሪና በሚባለው የጀልባ ማቆሚያ ውስጥ ጀልባዋን አስራችሁ ካደራችሁ ኑሮውን አላያችሁትም።