ባኬቱ ተዘግቷል፣ ፋይሉ ግን በየሌሊቱ ይወጣል

አንድ አንባቢ እንዲህ ሲል ጽፎልኛል፦ «የደንበኞቻችንን ሰነድ የምናስቀምጠው አማዞን ኤስ3 በሚባለው የፋይል ማከማቻ አገልግሎት ላይ ነው። ባኬቱ (የፋይል ቋታችን) 600 ጊጋባይት ያህል ይዟል። ለእያንዳንዱ ደንበኛ አንድ ፎልደር አለው፤ በድምሩ 50 ሺህ ገደማ። ባለፈው ወር ወደ ኢንተርኔት የወጣው ዳታ ከወትሮው በ600 ጊጋባይት በለጠ። በሰዓት የተከፋፈለውን ሪፖርት ሳወርድ አብዛኛው የወጣው በአራት ሌሊት ነው። ከዚያ ወዲህ የሚወጣው ትንሽ ነው፤ ግን በየሌሊቱ 50 ሺህ የሚሆን የሊስት ጥሪ (የፋይል ዝርዝር ጥያቄ) አለ። የተጠቃሚ ቁጥር አልጨመረም። ባኬቱ ፐብሊክ አይደለም፣ ኢንክሪፕት ተደርጓል (በምስጢር ተቆልፏል)፣ የሩት ማለትም የአካውንቱን ዋና ባለቤት ፓስዎርድም ቀይረናል። ድሮ የሠራልን ባለሙያ የጻፈውን የባኬቱን ፖሊሲ (ለማን ምን እንደሚፈቀድ የሚወስነውን ደንብ) አያይዣለሁ። ምን እናድርግ?»

ወንድሜ፣ ሪፖርቱን ማውረድህ ግማሹን ሥራ ጨርሶታል። ብዙ ሰው ቢሉን ከፍሎ ዝም ይላል።

ቁጥሮቹን ጎን ለጎን አስቀምጣቸው። ባኬቱ 600 ጊጋ፣ ትርፉ 600 ጊጋ። አንድ ፕሮግራም ሙሉ ባኬቱን አንድ ጊዜ ጠራርጎ ወስዷል ማለት ነው። ፎልደሩ 50 ሺህ፣ የሌሊቱ የሊስት ጥሪ 50 ሺህ። እንደ አርክሎን ያለ የማመሳሰያ ፕሮግራም የሚሠራው እንዲህ ነው። ፎልደር በፎልደር እየገባ «አዲስ ነገር አለ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ከሌለው ብቻ ይወስዳል። ዳታው አሁን ትንሽ የሆነው ለዚህ ነው። የሆነ ቦታ የባኬታችሁ ግልባጭ አለ፤ በየሌሊቱም ይታደሳል።

ስለዚህ ግምቴ ይህ ነው፦ ሊስት የማድረግ መብት ያለው ቋሚ አክሰስ ኪይ (ፕሮግራም ወደ አካውንቱ የሚገባበት የምስጢር ቁልፍ) ከእጃችሁ ወጥቷል። የላክልኝ ፖሊሲ ለውጭ ሰው የሚፈቅደው ፋይል ማንበብን ብቻ ነው፤ ሊስትን አይፈቅድም። ስለዚህ ይሄ በክፍት በር የገባ መንገደኛ አይደለም። ቁልፍ ይዞ ነው የሚገባው። ሰርቆት ሊሆን ይችላል። ወይም የቀድሞው ባለሙያ ለባክአፕ ብሎ ያቆመው ስክሪፕት ሌላ ማሽን ላይ ተረስቶ ሊሆን ይችላል። ሰውየውን ሌባ አላልኩም። ግን ማንም ሳያውቀው የደንበኛ ሰነድ ውጭ ከተቀመጠ ለደንበኛው ልዩነት የለውም።

አንድ ነገር ከምንም በፊት ልንገርህ። ኪዩን ስታገኘው አትሰርዘው። በጭራሽ። ከተሰረዘ መጨረሻ መቼ፣ በየትኛው ሪጅን (የአማዞን ሰርቨሮች ያሉበት አካባቢ)፣ ለየትኛው አገልግሎት እንደዋለ የሚያሳየው መረጃ አብሮ ይጠፋል። አፕሊኬሽናችሁም በዚያው ኪይ የሚሠራ ከሆነ ድንገት ይቆማል፤ የተሰረዘ ኪይ ደግሞ አይመለስም።

አሁን ወደ ሥራው። አይኤኤም (የተጠቃሚና የመብት ማስተዳደሪያው) ገብተህ የክሬደንሺያል ሪፖርቱን አውርድ። እያንዳንዱ ተጠቃሚ፣ እያንዳንዱ ኪይ፣ መቼ እንደተፈጠረና መጨረሻ መቼ እንደዋለ ይታይሃል። ዓመት አልፎት ዛሬ ሌሊትም የዋለ ኪይ ካለ እሱን ያዝ። የመብት ዝርዝሩን ስትከፍተው ኮከብ ምልክት፣ ማለትም «ሁሉም ይፈቀዳል»፣ ብታገኝ አይግረምህ። በነጻ የሚወርዱት የባክአፕ ፕለጊኖች ነገር ያናድደኛል። ሁለት ሦስት መብት ይበቃቸው ነበር፤ መመሪያቸው ግን «ሙሉ ኤስ3 መብት ስጡን» ይላል። ሰው የተባለውን ያደርጋል፣ ኪዩ ኮንፊግ ፋይል ውስጥ ይቀመጣል፣ ፋይሉ ጊት (የኮድ ለውጥ መዝገብ) ላይ ይወጣል። በኋላ መስመሩን ቢያጠፉትም በጊት ታሪክ ውስጥ እንዳለ ይኖራል።

ቀጥሎ ክላውድትሬይል (የአማዞን የእንቅስቃሴ መዝገብ) ላይ ለዚህ ባኬት የዳታ ኢቨንት፣ ማለትም የፋይል ጥያቄዎች፣ ምዝገባ አብራ። ይሄ ሲጀመር ጠፍቶ ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ እስከ ዛሬ ማን ፋይል እንዳነበበ የተጻፈ ነገር አይኖርህም። መዝገቡ ወደ ሌላ ባኬት ይሂድ፣ ቢቻል ወደ ሌላ አካውንት። እዚያው ባኬት ላይ አታስቀምጠው።

ከዚያ የራሳችሁን አፕሊኬሽን ከኪዩ አላቅቀው። ሰርቨሩ አማዞን ላይ ከሆነ ሮል ስጠው፤ ጊዜያዊ ፈቃድ በራሱ እየታደሰ ይሠራል፣ የሚሰረቅ ቋሚ ኪይ አይኖርም። ሰርቨሩ ፈቃዱን የሚቀበልበትን የአይኤምዲኤስ አገልግሎት ስሪት 2ን ግዴታ አድርግበት። ይህን ለነገ አታሳድር። ሌባውን ለመያዝ ብለህ የደንበኛ ሰነድ አንድ ሌሊት ተጨማሪ እንዲወጣ አትፍቀድ።

አፕሊኬሽኑ ሲለቅ የኪዩ ባለቤት በሆነው ተጠቃሚ ላይ «ኤደብሊውኤስ ዲናይኦል» የሚባለውን ዝግጁ ፖሊሲ ለጥፍ። ኪዩ ገና ሕያው ነው፤ ግን ምንም አይከፍትም። ይህን የምመርጠው በምክንያት ነው። ኪዩን ብታቦዝነው ጥያቄው ማንነት ሲጣራ ስለሚወድቅ ክላውድትሬይል አይመዘግበውም። መብቱን ብትከለክለው ግን ሌሊት መጥቶ ያንኳኳል፣ ይከለከላል፣ ክልከላውም ይጻፋል። ጠዋት መዝገቡን ስትከፍት የመጣበት አይፒ አድራሻ እና የፕሮግራሙ ስም አንድ መስመር ላይ ይጠብቁሃል። ሰዓቱ የሚጻፈው በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መለኪያ ሰዓት) ነው፤ ወደ ራስህ ሰዓት ቀይረህ አንብብ። አይፒው የቀድሞው ባለሙያ ማሽን ከሆነ በስልክ የሚያልቅ ጉዳይ ነው።

አሁን «ኢንክሪፕት ተደርጓል» ወዳልከው ልምጣ። ይህን ቃል ሰዎች እንደ ክታብ ሲይዙት ስለማይ ረጋ ብዬ ላስረዳ። እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2023 ጀምሮ ኤስ3 ላይ የሚገባ አዲስ ፋይል ሁሉ ማንም ሳይጠይቅ ኢንክሪፕት ይደረጋል። አንተ ባታዘውም ይሆናል። ይሄ የሚጠብቅህ ዲስኩን ነቅሎ ከሚወስድ ሰው ነው። ግምጃ ቤት አስብ። ዕቃው በብረት ሣጥን ተቆልፏል፣ የሣጥኑን መክፈቻ የያዘው ግን ራሱ ጠባቂው ነው። ትክክለኛ መታወቂያ ይዞ ለመጣ ሁሉ ሣጥኑን ከፍቶ ዕቃውን ያስረክባል። መታወቂያው የተሰረቀ መሆኑን በምን ያውቃል? አክሰስ ኪዩ ያ መታወቂያ ነው። ኪዩን ያሳየ ሰው ፋይሉን የሚያገኘው ተፈትቶ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2019 ካፒታል ዋን በሚባለው የአሜሪካ ባንክ ላይ የሆነው ይኸው ነው። የአንድ ሰርቨር ሮል ፈቃድ ተወሰደ፤ በእሱ አሜሪካ ውስጥ ወደ 100 ሚሊዮን፣ ካናዳ ውስጥ ወደ 6 ሚሊዮን የሚሆኑ ሰዎች መረጃ ወጣ። ኢንክሪፕሽን ነበረ። ባንኩ ራሱ እንደገለጸው፣ የገባው ሰው ባገኘው መንገድ ዳታውን መፍታትም ችሏል።

ኢንክሪፕሽን ለዚህ ጉዳይ የሚጠቅመው መፍቻውን ለይተህ ስታስቀምጥ ነው። በኬኤምኤስ (በአማዞን የቁልፍ ማስተዳደሪያ) የራስህን ቁልፍ ፍጠር። «ዲክሪፕት» የማለት መብቱን ለአፕሊኬሽኑ ሮል ብቻ ስጥ። ያኔ የኤስ3 መብት ብቻ የያዘ ሰው ፋይሉን ቢጠይቅ ይከለከላል። ሁለቱንም መብት ለአንድ ተጠቃሚ ከሰጠህ ግን ሁለቱን ቁልፍ በአንድ ቀለበት አሠርክ ማለት ነው። የድሮዎቹ ፋይሎች በራሳቸው ወደ አዲሱ ቁልፍ አይዞሩም፤ በላያቸው ላይ እንደገና መቅዳት አለብህ።

የሩት ፓስዎርድ መቀየራችሁ ክፉ አይደለም፤ ግን አክሰስ ኪይን አይነካም። ሩት ላይ ኤምኤፍኤ (ከፓስዎርድ ሌላ ሁለተኛ ማረጋገጫ) ይኑር፣ የሩት አክሰስ ኪይ ካለ ደግሞ ይወገድ።

ፖሊሲውን ሳነብ አዘንኩ። «ሁሉም ሰው ማንበብ ይችላል፣ ሪፈረሩ የኛ ዌብሳይት ከሆነ» ይላል። ሪፈረር «ከዚህ ገጽ ነው የመጣሁት» ብሎ ጠያቂው ራሱ የሚጽፈው መስመር ነው። ማንም የእናንተን አድራሻ ጽፎ ይልካል። ስለዚህ ባኬቱ ፐብሊክ አይደለም ያልከው ልክ አይደለም፤ የፋይሉን ስም ለሚያውቅ ክፍት ነው። የአሁኑ ችግር ከዚህ አልመጣም፣ ግን አውጣው። አፕሊኬሽኑ ለተጠቃሚው አጭር ዕድሜ ያለው የተፈረመ ሊንክ ይስጥ። ደቂቃዎች ይበቃሉ፤ ጣሪያው 7 ቀን ነው ተብሎ 7 ቀን አይሰጥም። ሊንኩ ሲሠራ «ብሎክ ፐብሊክ አክሰስ»ን በአካውንት ደረጃ አብራ።

ሌባ ከሆነ ሌላ መግቢያ አበጅቶ ሊሆን ስለሚችል የክላውድትሬይል ኢቨንት ሂስትሪን ፈልግ። 90 ቀን ወደ ኋላ ያሳያል። አዲስ ተጠቃሚ፣ አዲስ ኪይ፣ የባኬት ፖሊሲ ለውጥ፣ ወደ ሌላ አካውንት የሚቀዳ የሪፕሊኬሽን ደንብ አለ ወይ? የአይኤኤም ለውጦች የሚታዩት በሰሜን ቨርጂኒያ ሪጅን ነው፤ ኮንሶሉን ወደዚያ ሳትቀይር «ምንም የለም» እንዳትል። ሪፕሊኬሽኑን አደራ። በዚያው ሪጅን ወዳለ ባኬት የተቀዳ ዳታ ወደ ኢንተርኔት እንደወጣ ሆኖ ቢሉ ላይ አይታይም።

በመጨረሻ ባኬቱን ከኔትዎርካችሁ ጋር እሰረው። ለኤስ3 ጌትዌይ ኢንድፖይንት (ከኔትዎርካችሁ ወደ ኤስ3 የሚወስድ የግል መንገድ) ክፈት፣ ክፍያ የለውም። ከዚያ በባኬቱ ፖሊሲ ላይ በዚህ ኢንድፖይንት ያልመጣን ሁሉ ከልክል። ያኔ ነገ ሌላ ኪይ ቢያመልጥ እንኳ ከውጭ አይሠራም። ለተጠቃሚ የሚሰጠው የተፈረመ ሊንክም ከውጭ ስለሚመጣ አብሮ ይዘጋል፤ ፋይሉ በሰርቨራችሁ በኩል እንዲያልፍ ማድረግ አለብህ። መጀመሪያ ባዶ ባኬት ላይ ሞክረው። ሲሳሳቱ ራስን ዘግቶ መውጣት ቀላል ነው፤ ያኔ ፖሊሲውን የሚያነሳው ሩት ብቻ ነው።

ደግሜ ልበል፦ ይህ ሁሉ እስኪያልቅ ኪዩን አትሰርዝ። ከልክለህ አቆየው። የሌሊቱ መዝገብ ሲደርስህ የአይፒውንና የፕሮግራሙን መስመር ላክልኝ፤ አብረን እናየዋለን። ለደንበኞቻችሁ ግን እሱን ሳትጠብቁ ንገሩ። የአራቱ ሌሊት መዝገብ ስለሌለ «የእርስዎ ፋይል አልተነካም» ልትሉት የምትችሉት ደንበኛ የለም።