ጨለማውን ለመሙላት አትቸኩሉ

ውድ የሙያ ልጆቼ፤ በካሜራ ሥራ ካሳለፍኳቸው ዓመታት የተረፈ ምክር ካለኝ እንዳካፍላችሁ ስትጠይቁኝ፣ ስለ መሣሪያ ላለማውራት ወሰንኩ፤ መሣሪያውን ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። ይልቁንስ አንድ የቆየ የእንግሊዝ ፊልም፣ ስልካችሁን አጥፍታችሁ፣ በጨለማ ክፍል ውስጥ እንድታዩ ልለምናችሁ። እሱም ካሮል ሪድ በግሬም ግሪን ድርሰት ያዘጋጀውና እ.ኤ.አ. በ1949 ለዕይታ የበቃው «ሦስተኛው ሰው» ነው።

ታሪኩ የሚፈጸመው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አራቱ አሸናፊ መንግሥታት ተከፋፍለው በያዟት ቪየና ነው። ሆሊ ማርቲንስ የተባለ የካውቦይ ልብ ወለድ የሚጽፍ አሜሪካዊ፣ ሥራ እሰጥሃለሁ ብሎ የጠራውን ወዳጁን ሃሪ ላይምን ፍለጋ ሲመጣ፣ ሃሪ መኪና ገጭቶት ሞቷል ይሉትና ለቀብሩ ይደርሳል። አስከሬኑን ያነሱት ሁለት ሰዎች ናቸው ይባላል፤ አንድ የዓይን ምስክር ግን ሦስት ነበሩ ይላል። ታሪኩን አስቀድሜ ብገልጥባችሁ አትቆጡኝ፤ ይህ ፊልም መጨረሻው ቢታወቅም አይሰለችም።

ሃሪን የሚጫወተው ኦርሰን ዌልስ ፊቱን የሚያሳየን ፊልሙ አንድ ሰዓት ያህል ከሄደ በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ የሁሉም ሰው ወሬ እሱ ነው፤ የፍቅረኛው የአና ድመት እንኳ ከእሱ በቀር ማንንም እንደማትወድ ቀደም ብሎ ተነግሮናል። ከዚያ በአንድ ሌሊት ድመቷ ወደ ጨለመ የበር ጥግ ሄዳ ከአንድ ሰው ጫማ ላይ ትቀመጣለች። ማርቲንስ ሰክሮ በጨለማው ላይ ሲጮህ፣ እንቅልፏን ያጣች ጎረቤት መብራቷን ታበራለች፤ ከመስኮቷ የፈሰሰው ብርሃን የሃሪን ፊት ያወጣዋል፤ እሱም ፈገግ ይላል። ልብ በሉ፤ ብርሃኑን የጠራው የካሜራው ሰው ሳይሆን የጎረቤቷ ንዴት ነው። ሮበርት ክራስከር በዚህ ፊልም ቀረጻ ኦስካር ተሸልሟል፤ የሌሊቱ ድንጋይ ንጣፍ እንደዚያ የሚያብረቀርቀውም መንገዱን ውሃ ያርከፈክፉበት ስለነበር ነው።

ሪድ ብዙ ምስሎችን ሆን ብሎ አንጋድዶ ነው የቀረጸው፤ እኔ መጀመሪያ ሳየው ግን የካሜራው መቆሚያ ተበላሽቶ መስሎኝ ነበር። ዊልያም ዋይለር የተባለው አሜሪካዊ አዘጋጅም ግንበኞች የሚጠቀሙበትን ውሃ ልክ ለሪድ በስጦታ ልኮ ቀልዶበታል። በገና እየሰማን ላደግን ደግሞ አንድ ባለ አውታር መሣሪያ ብቻውን ታሪክ መሸከሙ አይገርመንም፤ የሚገርመው አንቶን ካራስ በዚተር የደረደረው ዜማ በዚያ ሁሉ ሐዘን ላይ ደስተኛ መምሰሉ ነው።

ከሁሉ በላይ የማልረሳው ግን የሆስፒታሉን ትዕይንት ነው። ሃሪ የተሰረቀ ፔኒሲሊን እየበረዘ ይሸጥ ነበር፤ የእንግሊዙ ሻለቃ ካሎዌይ ማርቲንስን በዚያ መድኃኒት የተጎዱ ሕፃናት ወደተኙበት ይወስደዋል። ካሜራው ሕፃናቱን አያሳየንም። የምናየው አልጋዎቹን፣ የማርቲንስን ፊትና አንዲት ነርስ የምትጥለውን የአሻንጉሊት ድብ ብቻ ነው። እኔ በወጣትነቴ የአንድ የታመመ ሕፃን ፊት በጣም ቀርቤ ቀርጬ ተመስግኜበታለሁ፤ ያ ምስጋና ዛሬም ያሳፍረኛል።

ግሪን ፊልሙ ማርቲንስና የሃሪ ፍቅረኛ የነበረችው አና ተያይዘው ሲሄዱ እንዲያበቃ ፈልጎ ነበር፤ ሪድ እምቢ አለ፤ ግሪንም በኋላ ትክክሉ ሪድ እንደነበር አምኗል። አና በመቃብር ቦታው ረጅም መንገድ፣ ቅጠል በሚረግፉ ዛፎች መካከል፣ ከሩቅ ወደ እኛ ትመጣለች፤ ማርቲንስ ከዳር ቆሞ ይጠብቃታል። ካሜራው ከአንድ ደቂቃ በላይ አይነቃነቅም። እጃችሁ «ቁረጠው፣ ቁረጠው» እያለ ይበላችኋል፤ ታገሱት። ቀና ብላ ሳታየው ታልፈዋለች፤ እሱም ሲጋራ ይለኩስና ክብሪቱን ይወረውራል።