ዊንዶውሱ ሳይነሳ ቫይረሱን መያዝ

የጻፉልኝን ችግር ሌሎች አንባብያንም እንዲከታተሉት በአጭሩ ልድገመው። ቤተሰቡ በጋራ የሚጠቀምበት፣ ዊንዶውስ 10 የተጫነበት ዴስክቶፕ ኮምፒውተር አለዎት። ከአንድ ወር ወዲህ ፍላሽ በሰኩበት ቁጥር ፎልደሮቹ ሾርትከት ይሆናሉ፤ አንቲቫይረሱ ቫይረስ አግኝቶ ያጠፋል፣ በማግስቱ ግን ያው ቫይረስ ተመልሶ ይገኛል፤ ባለፈው ሳምንት ደግሞ አንቲቫይረሱ ራሱ አልከፈት ብሏል። ያማከሩት ሰው ፎርማት ከማድረግ ሌላ መላ የለውም ቢልዎትም፣ የልጆችዎ ፎቶግራፍና የባለቤትዎ የመመረቂያ ጽሑፍ እዚያው ኮምፒውተር ላይ ስላሉ ሌላ መንገድ እንዳለ ጠይቀውኛል።

መንገድ አለ፤ ፎርማቱን ለመጨረሻ ያቆዩት። ቫይረሱ እየጠፋ የሚመለሰው አንቲቫይረሱ ደካማ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ዊንዶውስ በተነሳ ቁጥር ቫይረሱም አብሮት ይነሳል፤ አንቲቫይረሱ ሥራ ሲጀምር እርሱ ቀድሞ ቦታውን ይዟል። አንዳንዱ ቫይረስ ሁለት ሆኖ ይሠራል፤ አንዱ ሲዘጋ ሌላው መልሶ ያስነሳዋል። ሩትኪት የሚባለው ዓይነት ከዚህም ይብሳል፤ አንቲቫይረሱ የሃርድ ዲስኩን ይዘት የሚያየው ዊንዶውስን ጠይቆ ነውና፣ ሩትኪቱ መሐል ገብቶ የራሱን ፋይሎች ከመልሱ ውስጥ ያስቀራል። ስለዚህ ፍተሻው መደረግ ያለበት የእርስዎ ዊንዶውስ ሳይነሳ ነው። ሪስኪው ዲስክ የተሠራውም ለዚሁ ነው፤ ከፍላሽ ወይም ከሲዲ የራሱን አነስተኛ ሊኑክስ (በዊንዶውስ ቦታ ኮምፒውተሩን የሚያሠራ ሌላ ሥርዓት) ራም ላይ ያስነሳና ሃርድ ዲስክዎን ከውጭ ሆኖ ይመረምራል። በዚያ ሰዓት ቫይረሱ ማንም ያላስነሳው ተራ ፋይል ስለሆነ ሊደበቅም ሊከላከልም አይችልም።

ዲስኩን ከማዘጋጀትዎ በፊት አንድ ቀላል ነገር ይሞክሩ። ዊንዶውስ 10ም ሆነ 11 ማይክሮሶፍት ዲፌንደር ኦፍላይን የሚባል ፍተሻ በውስጡ አለው። ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲን ከፍተው፣ በቫይረስ መከላከያው ክፍል ስካን ኦፕሽንስ የሚለውን ሲጫኑ ከዝርዝሩ ያገኙታል። የከፈቱትን ሥራ አስቀድመው ሴቭ ያድርጉ፤ ኮምፒውተሩ ሪስታርት አድርጎ፣ ዊንዶውስ ሳይነሳ 15 ደቂቃ ያህል ይፈትሻል። የእርስዎ ቫይረስ መከላከያውን ስለዘጋው ይህ ምርጫ ላይከፈት ይችላል፤ ካልተከፈተ ከእርሱ ጋር አይታገሉ፣ ወደ ሪስኪው ዲስኩ ይለፉ።

እኔ ዘወትር የምጠቀመው የሩሲያውን አንቲቫይረስ ኩባንያ፣ የካስፐርስኪን፣ ሪስኪው ዲስክ ነው፤ የዶክተር ዌብ ላይቭ ዲስክም ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል። ሁለቱም ከአምራቾቻቸው ድረ ገጽ በነፃ ይወርዳሉ። አሜሪካ ለሚኖሩ አንባብያን ግን አንድ ነገር መናገር አለብኝ፤ የዚያ አገር የንግድ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2024 የካስፐርስኪን ሽያጭ ስለከለከለ፣ ከሴፕቴምበር 29 ቀን 2024 ወዲህም ኩባንያው እዚያ ላሉ ደንበኞች ማሻሻያ እንዳይልክ ስለታገደ፣ እነርሱ በዲፌንደር ኦፍላይን ቢጀምሩ ይሻላል።

ፋይሉን የሚያወርዱትም ሆነ ፍላሹ ላይ የሚጽፉት በንጹህ ኮምፒውተር መሆን አለበት። ለዚህ ሥራ ኢንተርኔት ካፌ ወይም ፎቶ ኮፒ ቤት አይሂዱ፤ በቀን የስንቱ ሰው ፍላሽ በሚሰካበት ማሽን ላይ የተዘጋጀ ዲስክ አያስተማምንም። ከዘመድ ወይም ከሥራ ባልደረባ ላፕቶፕ ይዋሱ። አይሶ ተብሎ የሚጠራው ይህ ፋይል በመቶዎች ሜጋባይት ስለሚመዝን ፓኬጅዎን አስቀድመው ይመልከቱ፤ የሚያወርዱትም ፍተሻውን በሚያደርጉበት ቀን ወይም በዋዜማው ይሁን፤ ምክንያቱም የቫይረሶቹ መለያ መረጃ አብሮት ይመጣል፣ ያረጀ ዲስክ ደግሞ አዲሶቹን ቫይረሶች አያውቃቸውም። ቀጥሎ 4 ጊጋባይት ወይም ከዚያ በላይ የሚይዝ ፍላሽ ይዘው ሩፉስ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ይጻፉት። ሩፉስ ፍላሹ ላይ የነበረውን ሁሉ እንደሚያጠፋ ይወቁ። አይሶውን እንዲሁ ኮፒ አድርጎ ፍላሹ ላይ መለጠፍ ግን ዋጋ የለውም፤ ኮምፒውተሩ ከእርሱ ሊነሳ አይችልም።

ዴስክቶፑን ሲዘጉ ሺፍት ቁልፍን ተጭነው ይዝጉት። ዊንዶውስ 10 በልማዱ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፤ ፈጥኖ ለመነሳት ሲል ከፊሉን ሁኔታውን ዲስክ ላይ አስቀምጦ ይተኛል፣ ሊኑክስም እንዲህ የተኛ ድራይቭ ላይ መጻፍ ስለማይፈቅድ ቫይረሱን ቢያገኘው እንኳ ማጥፋት ያቅተዋል። ከዚያ ፍላሹን ሰክተው ያብሩና ኮምፒውተሩ ከየት እንደሚነሳ የሚመረጥበትን የቡት ማውጫ ቁልፍ ደጋግመው ይጫኑ፤ ዴልና ሌኖቮ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ኤፍ 12፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ 9 ነው። ፍላሹ ተመርጦ እምቢ ካለ ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚከፈተው የኮምፒውተሩ ማስተካከያ) ውስጥ ገብተው፣ ያልታወቀ ሥርዓት እንዳይነሳ የሚከለክለውን ሴኪዩር ቡትን ለጊዜው ያጥፉት፣ ሥራው ሲያልቅ መመለስዎን ግን አይርሱ። ድራይቩ ቢትሎከር በሚባለው የዊንዶውስ መቆለፊያ የተቆለፈ ከሆነ ሴኪዩር ቡትን ከመንካትዎ በፊት 48 አኃዝ ያለውን የመክፈቻ ቁጥር በወረቀት ይጻፉ፤ አለበለዚያ ዊንዶውስ ሲነሳ ቁጥሩን ጠይቆ ሊቆምብዎት ይችላል። የተቆለፈ ድራይቭን ሪስኪው ዲስኩም ሊያነበው አይችልም።

ዲስኩ ሲነሳ ስታርት የሚለውን ወዲያው አይጫኑ። ካስፐርስኪው በራሱ ምርጫ የሚያየው የማስነሻ ክፍሎችንና አብረው የሚነሱ ፕሮግራሞችን እንጂ ድራይቮቹን በሙሉ አይደለም፤ የፍተሻ ምርጫውን ከፍተው ሲንም ዲንም ሌላ ካለም ሁሉንም ምልክት ያድርጉባቸው። ብዙ ፋይል የያዘ ሃርድ ዲስክ ሰዓታት ይፈጃል፤ ማታ አስነስተው ቢተኙ ይሻላል። መብራት ይጠፋብኛል ብለው አይስጉ፤ ፍተሻው ፋይል ያነባል እንጂ አይለውጥም፣ ከተቋረጠ እንደገና መጀመር ነው። መብራት የሚያሰጋው ቫይረሱ በሚወገድበት ሰዓት ነው። ዩፒኤስ ከሌለዎት ያንን ክፍል መብራት በማይቆራረጥበት ሰዓት ያድርጉት።

ፍተሻው ሲያልቅ የተገኙትን በዝርዝር ያሳይዎታል። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ የሒሳብ ሠራተኛ ይዞልኝ የመጣውን ኮምፒውተር አልረሳውም። ሳሊቲ የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ የሚታወቀው ቫይረስ ገብቶበት ነበር። ሳሊቲ የራሱን ኮድ በጤነኛ ፕሮግራሞች ላይ እየለጠፈ ስለሚሰራጭ ዝርዝሩ ገጽ በገጽ የፕሮግራም ስም ነበር፤ ሰውየውም ደንግጦ ሁሉንም ደምስስ አለው። ኮምፒውተሩ እኔ ዘንድ ሲበራ ጥቁር ስክሪን ላይ የማውስ ቀስት ብቻ ይታይ ነበር። ድራይቩን በሊኑክስ ከፍቼ ሳይ የዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ኤክስፕሎረር የሚባለው ዋናው ፋይል አልነበረም፤ እርሱም ተበክሎ ስለነበር አብሮ ተደምስሷል። የሒሳብ ሰነዶቹ ግን አንድም ሳይጎድል እዚያው ነበሩ።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚመርጡት ማከም የሚለውን ይሁን፤ ፋይሉ ይቀራል፣ የተለጠፈበት ኮድ ብቻ ይወጣል። ማከም የማይቻለውን ወደ ኳራንቲን፣ ማለትም ፋይሉ ሊሠራ ወደማይችልበት ማቆያ፣ ይውሰዱት፤ ስህተት ከሆነ መመለስ ይቻላል። መደምሰስ የሚገባው በግልጽ ቫይረስ ብቻ የሆነው ነው፤ ለምሳሌ ቴምፕ ፎልደር ውስጥ ትርጉም የሌለው ስም ይዞ የተቀመጠ ስክሪፕት። በዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ያለ ፋይል ከተገኘ ግን ሳይደመስሱ ስሙን ይጻፉ። ዊንዶውስን ወይም ኦፊስን ያለ ፈቃድ ለመክፈት የተጫነ ክራክም ከዝርዝሩ ውስጥ ሊገኝ ይችላል፤ ቫይረሱ አብሮት የገባ ሊሆን ስለሚችል ያውጡት እላለሁ።

ዲስኩን ሳይዘጉ ፍላሾችዎን በሙሉ፣ የልጆችዎን የትምህርት ቤት ፍላሽ ጨምሮ፣ አንድ በአንድ ሰክተው ያስፈትሹ። ቫይረሱ አንድ ወር ሙሉ የተመላለሰብዎ፣ እንደምገምተው፣ ኮምፒውተሩ ሲጸዳ ያልጸዳ ፍላሽ ስለሚጠብቀው ነው። የሾርትከት ቫይረስ እውነተኞቹን ፎልደሮች አያጠፋቸውም፤ ይደብቃቸዋል፣ ወይም ስም አልባ በሚመስል ፎልደር ውስጥ ይከታቸዋል። ሊኑክስ የዊንዶውስን መደበቂያ ምልክት ስለማያከብር በሪስኪው ዲስኩ የፋይል መመልከቻ ፍላሹን ሲከፍቱ ጠፉ ያሏቸውን ፎልደሮች ያገኛሉ። በዚሁ አጋጣሚ ፎቶግራፎቹንና የመመረቂያ ጽሑፉን ወደ ተፈተሸ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ይገልብጡ፤ ፕሮግራሞችን ግን አብረው አይገልብጡ።

ሪስኪው ዲስክ የማይፈታው ነገር አለ። ፋይሎችዎ በራንሰምዌር (ፋይል ቆልፎ ለመክፈቻው ገንዘብ በሚጠይቅ ቫይረስ) ተቆልፈው ከሆነ ቫይረሱ ቢወጣም አይከፈቱም፤ ያን ጊዜ የሚሞከረው የኔዘርላንድስ ፖሊስ፣ ዩሮፖልና ሁለት የደኅንነት ኩባንያዎች እ.ኤ.አ. በ2016 የጀመሩት ኖ ሞር ራንሰም የሚባለው ድረ ገጽ ነው፤ ለአንዳንዶቹ ዓይነቶች ነፃ መፍቻ አለው። የተሰረቀ የይለፍ ቃልም አይመለስም፤ የኢሜይልዎንና የባንክዎን ከንጹህ ስልክ ዛሬውኑ ይቀይሩ። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ስላበቃ፣ ማሽኑ ከቻለ ወደ 11 መሸጋገርን ያስቡበት።

ከጽዳቱ በኋላ ዊንዶውስን አስነስተው ሳምንት ያህል ይጠቀሙ። አንቲቫይረሱ ካልተከፈተ ወይም ሾርትከቱ ተመልሶ ከታየ፣ በሪፖርቱ ላይ ያለውን የቫይረሱን ስምና ፋይሉ የተገኘበትን ፎልደር ሳያሳጥሩ ገልብጠው ይላኩልኝ፤ ፎርማት ያስፈልግ እንደሆነ ያንን አይቼ እነግርዎታለሁ።