የስኳርና የሆርሞን ሐኪም ስትመርጡ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

በስኳር ክትትል ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። ሐኪም ስላልሆንኩ መድኃኒት አላዝም፣ መጠንም አልቀይርም። ማን ጋ ብትሄዱ እንደሚሻልና ምን ብላችሁ እንደምትጠይቁ ግን ልንገራችሁ። ተመሳሳይ ጥያቄዎችን አንድ ላይ አድርጌአቸዋለሁ።

ሲስተር፣ እናቴ ስኳር ከያዛት ቆይቷል። የምትወስደው ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር ክኒን ብቻ ነው። የውስጥ ደዌ ሐኪም ያያታል። ኢንዶክሪኖሎጂስት፣ ማለትም የስኳርና የሆርሞን ሐኪም፣ ካላያት ግን ልቤ አያርፍም።

የሦስት ወር አማካይ ስኳሯ፣ ኤዋንሲ የሚሉት፣ ስንት ነው? ለብዙ ሰው ከ7 በመቶ በታች ጥሩ ነው። ዕድሜዋ ከገፋ ሐኪሟ ትንሽ ከፍ ሊያደርገው ይችላል። ቁጥሩ ልክ ከሆነ፣ ዓይኗና ኩላሊቷ በየዓመቱ ከታዩ፣ አታንከራትቻት። ኢንዶክሪኖሎጂስት በአገራችን ጥቂት ነው። አብዛኞቹም ያሉት አዲስ አበባ ነው። ካርዷን ገልጦ በየሦስት ወሩ የሚያያት ሐኪም፣ በዓመት አንዴ ለአሥር ደቂቃ ከምታገኘው ስመ ጥር ሐኪም ይበልጥባታል። በዚህ ከማንም ጋር እከራከራለሁ።

ዓይነት አንድ ስኳር (ሰውነት ኢንሱሊን የማያመርትበት) ከሆነ፣ ስኳር ያለባት ሴት ካረገዘች ወይም ለማርገዝ ካሰበች፣ ኢንሱሊን እየተወጉም አልወርድ ካለ፣ ወይም ቶሎ ቶሎ እየወረደ ራስ የሚያስት ከሆነ ግን ሪፈር ጠይቁ። አድሬናልና ፒቱታሪ የሚባሉት ዕጢዎች ከተጠረጠሩም እንደዚያው።

በር ላይ «የስኳርና የሆርሞን ስፔሻሊስት» ይላል። እውነት መሆኑን በምን ልወቅ?

ታፔላውን እርሳው። ኢንዶክሪኖሎጂስት ሕክምና ጨርሶ፣ የውስጥ ደዌ ስፔሻሊቲ ተምሮ፣ ከዚያ በላይ ሰብ ስፔሻሊቲ የሠራ ነው። የልጆቹ ደግሞ መነሻው የሕፃናት ሕክምና ነው። ካርድ ክፍል ሄደህ «ዶክተሩ ኢንተርኒስት ናቸው ወይስ ሰብ ስፔሻሊስት?» በል። ኢንተርኒስት የሚባለው የውስጥ ደዌ ሐኪሙ ነው። መጠየቅ ነውር የለውም።

ጎበዝ ሐኪም መሆኑን በመጀመሪያው ቀን ማወቅ ይቻላል?

ጫማና ካልሲ ያስወልቃል? እኔ የማየው እሱን ነው። ጎበዙ ጎንበስ ብሎ በጣቶችህ መሃል ያያል። ዓይንህን አስጨፍኖ በቀጭን የናይለን ክር እግርህን ነካ ነካ እያደረገ «አሁንስ ተሰማህ?» ይልሃል። ኢንሱሊን የምትወጋ ከሆነ ሸሚዝህን አስገልጦ ሆድህን ይዳብሳል። አንድ ቦታ ላይ ለዓመታት የወጋ ሰው ቆዳው ሥር ጠጠር ያለ እብጠት ይሠራል። እዚያ የተወጋ ኢንሱሊን በአግባቡ ወደ ደም አይገባም። ስኳሩ አልወርድ ይላል፣ መጠኑ ይጨመርለታል፣ አንድ ቀን ደህና ቦታ ሲወጋ ደግሞ ድንገት ይወርድበታል። ቦታ ቀይር ማለት ብቻ ይበቃ ነበር። ወረቀት ብቻ አይቶ «መጠኑን ጨምር» የሚል ሐኪም ይህን አያገኘውም።

ልጄ፣ 67 ዓመቴ ነው። ግሊቤንክላማይድ እወስዳለሁ። ሐኪሜ ስለ ጾም ሳነሳ ይቆጣኛል።

አባቴ፣ ስጋቱ ልክ ነው። ይህ መድኃኒት ምግብ በሌለበት ስኳርን ያወርዳል፣ ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ ይብሳል። ቁጣው ግን አይጠቅምም፤ የተቆጡት ሰው በድብቅ ይጾማል። ጥሩ ሐኪም «እስከ ስንት ሰዓት ነው የሚጾሙት?» ብሎ ይጠይቃል። ከዚያ መድኃኒት ይለውጣል ወይም ሰዓቱን ያዛውራል፤ የማይሆን ከሆነም ምክንያቱን አስረድቶ ይከለክላል። ስኳርዎ ከ70 (ሚሊግራም በዴሲ ሊትር) በታች ከወረደ ግን ቅዳሴ ላይም ቢሆኑ ወጥተው ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠው ይጠጡ። ረመዳን የምትጾሙም ወሩ ከመግባቱ ሁለት ወር ገደማ ቀድማችሁ ሐኪም አማክሩ።

የ9 ዓመት ልጄ ዓይነት አንድ ተባለች። ዘመድ ሁሉ ጸበል ውሰጃት ይለኛል።

ውሰጃት፣ ኢንሱሊኗንም ይዘሽ ውሰጃት። ሰውነቷ ኢንሱሊን አያመርትም። ካቋረጠች በቀናት ውስጥ ኬቶን የሚባል አሲድ ደሟ ውስጥ ተጠራቅሞ ለሞት ያደርሳታል። ስታስመልስና አልበላ ስትልም ቢሆን ኢንሱሊኑ ጨርሶ አይቆምም፤ መጠኑን ከሐኪሟ ጋር ተነጋገሪ። ለሷ የሕፃናት ኢንዶክሪኖሎጂስት ፈልጊ፤ ጥቁር አንበሳ ጠይቂ። ካልተገኘም መርፌ አወጋጉንና የምግቡን ነገር ቁጭ ብሎ የሚያስተምርሽ የሕፃናት ሐኪም ያዢ። ያልተከፈተው ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጣል። ፍሪዘር ውስጥ እንዳታስገቢው፤ በረዶ ከሠራ ተበላሸ።

እንቅርት አለብኝ። ቀዶ ሐኪም ወይስ የሆርሞን ሐኪም?

መጀመሪያ ቲኤስኤች (የእንቅርት ዕጢን ሥራ የሚያሳይ የደም ምርመራ) እና አልትራሳውንድ። ከተጫነሽ ወይም ካንሰር ከተጠረጠረ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልግ ይችላል። ሆርሞኑ ከበዛ ወይም ካነሰ የሆርሞን ሐኪም። ሌቮታይሮክሲን፣ ያነሰውን ሆርሞን የሚተካውን ክኒን፣ የምትወስዱ ደግሞ ጠዋት በባዶ ሆድ በውሃ ዋጡና ቡናውን ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አቆዩት፤ አንድ ሰዓት ቢሆን ደግሞ የተሻለ። ቡናው ላይ እንደምትጨቀጭቁኝ አውቃለሁ።

ሜሪላንድ ነኝ። አባቴ እንግሊዝኛ አይችሉም፣ የማስተረጉመው እኔ ነኝ።

አንተ ልጅ ሆነህ ስለ ወሲብ ድክመታቸው ፊትህ ይናገራሉ? ስኳር ላለበት ወንድ ደግሞ የተለመደ ችግር ነው። ሜዲኬር ወይም ሜዲኬይድ የሚባሉትን የአሜሪካ መንግሥት የጤና መድኖች የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ አለበት። ቀጠሮ ስትይዝ «አማርኛ» በል። ሪፈር ያስፈልግ እንደሆነና ሐኪሙ በኢንሹራንሳቸው ይሸፈን እንደሆነም አስቀድመህ ደውለህ ጠይቅ።

ሐኪም ብቀይር ቅር ይለዋል?

ይለው ይሆናል። የላብራቶሪ ውጤትሽን ኮፒ ሳትይዢ ግን እንዳትወጪ።