ኮርኒሱ ላይ የሚሮጠው ምን ያመጣብናል? ስለ አይጥና በሽታ ጥያቄና መልስ

ሰላም ወገኖች። ባሕር ዳር የምሠራ የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ክረምት ሲገባ ሜዳው ውሃ ይሞላና አይጡ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ቤት ይገባል፣ የእኔም ስልክ በጥያቄ ይጨናነቃል። ዛሬ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ። የሰው ሕክምናውን ለባለሙያዎቹ እተወዋለሁ፤ ስለ አይጡ ግን የማውቀውን አልደብቅም።

ጥ፦ ዶክተር፣ የአክስቴ ልጅ ኒው ሜክሲኮ ይኖራል። የተዋናዩ የጂን ሃክማን ሚስት በአይጥ በሽታ ሞተች ብሎ ቤቱን አስደነገጠው። እኛ ደግሞ ሌሊት ሙሉ ኮርኒሱ ላይ ሲሯሯጡ ነው የሚያድሩት። እንፍራ ወይ? (ቀበሌ 14)

መ፦ ወሬው እውነት ነው። ቤትሲ አራካዋ እ.ኤ.አ. በ2025 ሳንታ ፌ ውስጥ ያረፈችው በሀንታ ቫይረስ ነው። እዚያ ቫይረሱን የምትሸከመው ዲር ማውስ የሚሏት የሰሜን አሜሪካ የዱር አይጥ ናት። ጀርባዋ ቡናማ፣ ሆዷና እግሯ ነጭ፣ ዓይኗና ጆሮዋ ትልልቅ። ብታያት ታሳሳሃለች። እሷ ምንም አትሆንም፤ ቫይረሱ ግን በሽንቷ፣ በኩሷና በምራቋ ይወጣል፣ ሲደርቅም ከአቧራ ጋር ይቦንናል። ሰው የሚታመመው ያንን አቧራ ሲስብ ነው፤ ብዙ ጊዜም ተዘግቶ የከረመ ጎጆ ወይም ጋራዥ ሲያጸዳ።

በሽታው እዚያ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። አሪዞና፣ ኒው ሜክሲኮ፣ ኮሎራዶና ዩታ በሚገናኙበት አካባቢ ምንም ያልነበረባቸው ወጣቶች በጥቂት ቀናት ውስጥ ሳንባቸው ውሃ እየሞላ ሞቱ። ከዚያ በፊት ዝናቡ ጥሩ ስለነበር አይጧ የምትበላው የዛፍ ፍሬ በዝቶ፣ አይጧም ያለልክ ተባዝታ ነበር። እስካሁን ከሚያዙት ከመቶ 35 እስከ 40 የሚሆኑት ይሞታሉ። ቁርጥ ያለ መድኃኒት የለውም፤ ዋናው ነገር ቶሎ ሆስፒታል ደርሶ በኦክስጅን መታገዝ ነው።

እኛ አገር ዲር ማውስ የለችም። ኮርኒስህ ላይ የሚሮጠው መውጣት የሚወደው ጥቁሩ አይጥ ወይም ትንሿ የቤት አይጥ ነው። የሀንታ ዘመድ የሆነ ቫይረስ ትግራይ ውስጥ እግሩ ነጭ በሆነ የደጋ አይጥ ላይ ተገኝቷል፤ ሰው ማሳመሙ ግን አልታየም። ስለዚህ በሀንታ እንቅልፍ አትጣ። የእኔ ስጋት ሌላ ነው፣ ወረታ ያለው ልጅ ጠይቆኛልና እዚያ ጋ እመጣበታለሁ።

ጥ፦ እሱ ከሌለ ታዲያ እንደ ልማዳችን በመጥረጊያ ጠርገን ብንጥለውስ?

መ፦ ኧረ በፍጹም! ሀንታ ባይኖርም ሌላው ጣጣ አለ። መጀመሪያ በርና መስኮት ከፍተሽ ግማሽ ሰዓት ያህል ከክፍሉ ውጪ። ጓንት አድርጊ፤ ከጠፋ እጅሽን ፌስታል ውስጥ ከተሽ ያዢ። አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጠሽ ኩሱን አርሺው፣ አምስት ደቂቃ ቆዪና በጨርቅ ወይም በሶፍት አፍሰሽ አስረሽ ጣዪ። በረኪናውን ከሽንት ቤት አሲድ ጋር እንዳትቀላቅዪው፣ የሚወጣው ጋዝ ራሱ ይገድላል። የሞተ አይጥም እንደዚሁ፤ ጭራውን በባዶ እጅ ይዞ አጥር ማዶ መወርወር ይቅር።

ጥ፦ ወረታ ነኝ። አባቴ ሩዝ ውስጥ ሲያርም ሰንብቶ ትኩሳት ያዘው፣ ባቱን ቆረጠመው፣ ዓይኑ ቀላ። የወባ ምርመራው ነጻ ነው። አሁን ዓይኑ ቢጫ ሲሆን ጎረቤት «የወፍ በሽታ ነው፣ አገር መድኃኒት ይጠጣ» አለ። ከአይጥ ጋር ይገናኛል?

መ፦ ወንድሜ፣ ይህንን ሳትጨርስ አባትህን ይዘህ ሆስፒታል ሂድ። አገር መድኃኒቱ ይቆይ።

እኔ እዚህ ሆኜ በሽታው ይሄ ነው አልልም፣ የጉበት ቫይረስም ሌላም ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ሌፕቶስፓይሮሲስ የሚባል በሽታ አለ፣ የጠቀስከው ሁሉ እሱንም ይመስላል። ተዋሲው፣ ማለትም ባክቴሪያው፣ አይጥ ኩላሊት ውስጥ ተደላድሎ ይኖራል፤ አይጡ ሳይታመም ዕድሜውን ሙሉ በሽንቱ ሲረጨው ይኖራል። ከብትና ውሻም ይሸከሙታል። ከሽንቱ ወደ ውሃና ወደ ረግረግ አፈር ይገባና እዚያ ለሳምንታት ይቆያል። ክረምት ፎገራ ሜዳ ላይ ርብና ጉማራ ሲሞሉ ምን እንደሚፈጠር አንተ ከእኔ በላይ ታውቃለህ፦ የአይጡ ጉድጓድ ይጥለቀለቃል፣ አይጡ ወደ ማሳው የአፈር ድንበር ይወጣል፣ ገበሬው ደግሞ ተረከዙ እንደተሰነጣጠቀ በባዶ እግሩ ቀኑን ሙሉ እዚያው ውሃ ውስጥ ቆሞ ይውላል። ተዋሲው የሚገባው በዚያ ንቃቃት ነው፣ በዓይንና በአፍም ይገባል። ሕመሙ ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 14 ቀን ቆይቶ ይጀምራል። አብዛኛው ሰው እንደ ጉንፋን ያልፈዋል፤ የሚጠናበት ግን ዓይኑ ቢጫ ይሆናል፣ ሽንቱ ያንሳል፣ ኩላሊቱ ይደክማል።

ደግነቱ ይታከማል፤ ፔኒሲሊንና ዶክሲሳይክሊን ይሠሩለታል። ግን ፋርማሲ ሄደህ ራስህ እንዳትገዛለት። ችግሩ እኛ ጋ ትኩሳት ሁሉ ወይ ወባ ወይ ታይፎይድ መሆኑ ነው። ስለዚህ ሐኪሙ ባይጠይቅህም ራስህ ንገረው፦ «ሩዝ ማሳ ውሃ ውስጥ ሲሠራ ነበር፣ አይጥ አለ።» ይቺ አንድ ዓረፍተ ነገር ምርመራውን ልትቀይረው ትችላለች። ሲድን ደግሞ ቦት ጫማ ግዛለት፤ ይሞቀኛል ብሎ ያጉረመርማል፣ ያጉረምርም።

ጥ፦ ጣና ዳር መዋኘትስ?

መ፦ ቁስል ካለብህና ከባድ ዝናብ ከዘነበ በኋላ የከተማው ቦይ የሚገባበት ጋ አትዋኝ። እውነቱን ለመናገር ግን ጣና ላይ ከአይጥ በፊት የምፈራው ብልሃርዝያን ነው፤ እሱ የቀንድ አውጣ ጉዳይ ነው፣ ሌላ ቀን።

ጥ፦ ተኝቶ ሳለ ልጄን ጣቱን አይጥ ነከሰው። የእብድ ውሻ ክትባት ይወጋ?

መ፦ አይዞሽ እህቴ። አይጥ የእብድ ውሻ በሽታ ለሰው ሲያስተላልፍ አይታወቅም፤ የእኛ አገር ጣጣ ውሻ ነው። ቁስሉን አሁኑኑ በሚወርድ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ እጠቢው። ከዚያ ጤና ጣቢያ ውሰጂው፣ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባቱን ያዩለታል። በሚቀጥሉት ሳምንታት ትኩሳት፣ ሽፍታ ወይም የመገጣጠሚያ ሕመም ከመጣ መነከሱን ሳትረሺ ተናገሪ።

ጥ፦ ልጄ፣ መሶቡ ውስጥ ገብቶ የእንጀራውን ጠርዝ በላው። ቆርጬ ብጥለው የቀረው አይበላም?

መ፦ እማማ፣ ያቺን እንጀራ ይጣሏት። የበላበት ይታያል፣ የሸናበት ግን አይታይም። ሽሮና በርበሬ ውስጥ ኩስ ካገኙም እንደዚያው፤ ያንገበግባል አውቃለሁ፣ በርበሬው ስንት እንደገባ አይጠፋኝም። ለከርሞው ክዳኑ የሚገጥም የፕላስቲክ ባልዲ ወይም ቆርቆሮ ይሁን። ከረጢት ለአይጥ በር ነው።

ጥ፦ ገበያ በወረቀት ጠቅልለው የሚሸጡት ጥቁር ዱቄት እንዴት ነው?

መ፦ ነጭ ሽንኩርት ሽንኩርት የሚሸት ከሆነ ዚንክ ፎስፋይድ ሊሆን ይችላል። ሆድ ውስጥ ሲገባ ጋዝ ይሆናል፣ ማርከሻም የለውም። ልጅ ባለበት ቤት እኔ አላስገባውም። የአይጥ ወጥመድ ግዛ፣ ኦቾሎኒ ቅቤ ቀባበት፣ ግድግዳ ጥግ ለጥግ አስቀምጠው፤ አይጥ መሀል ሜዳ መሄድ አይወድም።

ጥ፦ ድመትስ?

መ፦ ለትንሿ አይጥ ጥሩ ናት። ለትልቁ አይጥ ግን ብዙዋ ድመት አይታ እንዳላየች ታልፈዋለች። ቤት ውስጥ ነፍሰ ጡር ካለች የድመቷን ዓይነ ምድር ሌላ ሰው ያጽዳ፤ ፅንስ የሚጎዳ ተዋሲ ሊኖርበት ይችላል።

ጥ፦ ያ የጥንቱ ቸነፈር የአይጥ ነው ይባላል። ግርሻና ተስቦም ከአይጥ ነው?

መ፦ ቸነፈሩ የአይጥ ቁንጫ ነው፤ ዛሬም ማዳጋስካርና ኮንጎ ውስጥ አለ፣ በጊዜ ከተደረሰበት ይድናል። ግርሻና በወረርሽኝ የሚነሳው ተስቦ የቅማል ናቸው፣ አይጥ የለበትም። በአይጥ ቁንጫ የሚመጣ ቀለል ያለ ሌላ ተስቦ ግን አለ።

ጥ፦ ተከራይ ነኝ። አከራዬ ቀዳዳውን አልደፍንም አሉ። ምን ይሻለኛል?

መ፦ ራስህ ድፈነው። ትንሿ አይጥ እርሳስ በሚያስገባ ቀዳዳ ትገባለች። የድስት መፈተጊያ ሽቦ ጠቅጥቅበትና በላዩ ሲሚንቶ ለስንበት፤ ጨርቅና ካርቶን በአንድ ሌሊት ትበላዋለች። የቧንቧና የመብራት ሽቦ መግቢያውን፣ የበሩን ሥር እይ። ደረሰኙን ያዝና ከኪራዩ ላይ ይቀነስልኝ በላቸው፤ እሱን ግን እኔ ዋስ አልሆንህም።