ዜሮ ኦርደር ሪአክሽን መቼ ነው የሚያልቀው?

ጥያቄህን ላስታውስ። የአንድ ዜሮ ኦርደር ሪአክሽን (ፍጥነቱ በቀረው ንጥረ ነገር መጠን የማይወሰን ሪአክሽን) መነሻ ኮንሰንትሬሽን 0.60 ሞላር (ሞል በሊትር) ነው፤ ግማሹ በ15 ደቂቃ አለቀ። ሙሉ በሙሉስ? አንተ 30 ደቂቃ አልክ፣ ጓደኛህ «መቼም አያልቅም» አለ። ወንድሜ፣ ልክ ነህ።

ኬሚስትሪ ሳስጠና ይህ ክርክር ሳይነሳ የቀረበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። ተማሪ ብዙ የሚለማመደው ፈርስት ኦርደርን ነው፤ ፍጥነቱ ከኮንሰንትሬሽኑ ጋር አብሮ የሚቀንሰውን። እዚያ በየሃፍ ላይፉ (ግማሹ በሚያልቅበት ጊዜ ሁሉ) ከቀረው ላይ ግማሹ ይቀነሳል፤ ግማሽ፣ ሩብ፣ ስምንተኛ እያለ ይሄዳል እንጂ በሂሳብ ዜሮ አይገባም። ጓደኛህ ያንን ነው ወደዚህ ያመጣው።

ዜሮ ኦርደር ላይ ግን ፍጥነቱ ኮንሰንትሬሽኑን አያይም። አሞኒያ በጋለ ተንግስተን ላይ ወደ ናይትሮጅንና ሃይድሮጅን ሲፈርስ ተመልከት። ግፊቱ በቂ ሲሆን የብረቱ ገጽ በሞለኪውል ይሞላል፤ የተረፈው ተራ ይጠብቃል። ሰልፉ ረዘመም አጠረም፣ በአንድ መስኮት የሚስተናገደው ሰው ያው ነው።

ስለዚህ በየደቂቃው የሚቀነሰው እኩል ነው። 0.30 ሞላር በ15 ደቂቃ ካለቀ፣ ሬት ኮንስታንቱ (የፍጥነቱ ቋሚ ቁጥር) 0.02 ሞላር በደቂቃ ነው። 0.60ን ለ0.02 አካፍል፤ 30 ደቂቃ። በቃ፣ ሎጋሪዝም የሚባል ነገር የለም።

ፈተና ላይ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ሌላ ቦታ አለ። «75 በመቶው መቼ ያልቃል?» ሲባል «ሁለት ሃፍ ላይፍ፣ 30 ደቂቃ» ብሎ መመለስ። ተመልከት፣ 30 ደቂቃ ላይ እኮ ሁሉም አልቋል! 75 በመቶው 0.45 ሞላር ነው፤ ለ0.02 ሲካፈል 22.5 ደቂቃ። የመጀመሪያው ግማሽ 15፣ ከቀረው ላይ ግማሹ ደግሞ 7.5 ደቂቃ ፈጀ። የዜሮ ኦርደር ሃፍ ላይፍ መነሻው ሲያንስ አብሮ ያጥራል። እኔ ከሁሉም በላይ ይህን እንድትይዝ እፈልጋለሁ።

ኦርደሩ ካልተነገረህ የሬት ኮንስታንቱን አሃድ እይ። «ሞላር በደቂቃ» ከሆነ ዜሮ ኦርደር ነው፤ «በደቂቃ» ብቻ ከሆነ ፈርስት ኦርደር።

ላቦራቶሪ ውስጥ ስትለካ ግን መጨረሻው አካባቢ የኮንሰንትሬሽንና የጊዜ ግራፉ መጉበጥ ይጀምራል። አሞኒያው ሲመናመን የብረቱ ገጽ መሙላቱ ይቀራል፣ ፍጥነቱም ይቀንሳል። ቀጥ ያለው መስመር የሚሠራው ገጹ እስከሞላ ድረስ ብቻ ነው።