ጥያቄና መልስ፦ አይፎን 12 ወይስ ጋላክሲ ኤስ 21?

ጥያቄ፦ አዳማ ውስጥ የልብስና የጫማ ሱቅ አለኝ። የምሸጠውን ዕቃ ፎቶና ቪዲዮ እያነሣሁ በቴሌግራም ቻናሌ እለቃለሁ። የኢትዮ ቴሌኮምና የሳፋሪኮም መስመሮቼን በአንድ ስልክ መያዝ እፈልጋለሁ፤ ቴሌብርና የባንክ መተግበሪያም የግድ ናቸው። አሁን ሁለት ያገለገሉ ስልኮች በተቀራራቢ ዋጋ ቀርበውልኛል፦ ከአሜሪካ የመጣ አይፎን 12 ባለ 64 ጊጋ እና ከኮሪያ የመጣ ሳምሰንግ ጋላክሲ ኤስ 21 ባለ 256 ጊጋ። ቢያንስ 3 ዓመት ልገለገልበት አስቤአለሁ። የትኛውን ልውሰድ? (ት. ከአዳማ)

መልስ፦ እንደቀረቡልዎ ከሆነ ሁለቱም ለሥራዎ ይጎድላሉ። አይፎኑ ቦታው ያንሳል፣ ሳምሰንጉ ደግሞ የሚይዘው ሲም አንድ ብቻ ነው።

ከሲሙ እንጀምር፤ ብዙ ሰው ከፍሎ ቤቱ ከገባ በኋላ የሚያውቀው ጉዳይ ነውና። ኮሪያ ውስጥ የተሸጠው ኤስ 21 የሞዴል ቁጥሩ ኤስኤም-ጂ991ኤን ነው። አንድ ናኖ ሲም ይይዛል፣ ኢሲምም (ያለ ካርድ ስልኩ ውስጥ የሚጫን ሲም) የለውም። የካሜራው የ«ቀጭ» ድምፅም ከሴቲንግ አይጠፋም፤ ሕዝብ መሐል ለሚያነሣ ሰው ይከብዳል። ሁለት ሲም የሚይዘው ለአውሮፓና ለብዙ ሌሎች አገሮች የተሠራው ነው፤ ቁጥሩ በ«ቢ» ይጨርስና «ዲኤስ» ይከተለዋል። የአሜሪካው አይፎን 12 አንድ ናኖ ሲምና ኢሲም ስላለው ሁለተኛውን መስመር በኢሲም ማስገባት ይቻላል። ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ግን ወደ ኢሲም የሚቀይሩትን መስመር ይዘው አገልግሎት ማዕከሉ ሄደው ይጠይቁ። ሁለት ናኖ ሲም በአንድ ላይ የሚይዘው አይፎን 12 ለቻይና፣ ለሆንግ ኮንግና ለማካው የተሠራው ኤ2404 ብቻ ነው።

ወደ ማከማቻው ስንመጣ ሁለቱም ሚሞሪ ካርድ አይቀበሉም። «ሳምሰንግ ነው፣ ካርድ እጨምርበታለሁ» የሚል ገዢ ብዙ ነው፤ ካርድ የነበረው እስከ ኤስ 20 ድረስ ነው፣ ኤስ 21 ላይ ቀርቷል። አይፎን በ4ኬ በሰከንድ 30 ፍሬም ሲቀርጽ በደቂቃ 170 ሜጋ ያህል፣ በ1080 ሲቀርጽ ደግሞ 60 ሜጋ ያህል ይወስዳል። ከ64 ጊጋው ላይ ሲስተሙን፣ መተግበሪያዎቹንና ቴሌግራም በጓዳው የሚያከማቸውን ሲቀንሱ ለሥራዎ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ቦታው ሲሞላ ስልኩ ይንቀረፈፋል፣ አፕዴትም የሚያርፍበት ቦታ ያጣል፤ ከዚያ በኋላ ቪዲዮ በማጥፋት ቀንዎ ያልፋል።

በቪዲዮ ግን አይፎኑ ይበልጣል። የሁለቱም ዋና ካሜራ 12 ሜጋፒክስል ነው፣ ሁለቱም ሰፊ ማዕዘን የሚያነሣ ሌንስ አላቸው። ኤስ 21 ከዚህ ላይ ባለ 64 ሜጋፒክስል ሦስተኛ ካሜራ ስላለው ራቅ ያለን ነገር ሲያቀርቡ ፎቶው አይበላሽም። ለእርስዎ ዋናው ግን የጨርቅና የቆዳ ቀለም ነው። ሳምሰንግ ቀለሙን አድምቆ ያወጣል፤ ደንበኛ «በስልክ ያየሁት ቀይ ይህ አይደለም» የሚልዎ ከዚህ የተነሣ ነው። አይፎን ለእውነተኛው ቀለም የቀረበ ነው፣ በቪዲዮ ላይ ከብርሃን ወደ ጥላ ሲያዞሩትም ሳይደናገር ይከተላል።

በስክሪን ኤስ 21 ይሻላል። 6.2 ኢንች ሆኖ በሰከንድ 120 ጊዜ ይታደሳል፣ 6.1 ኢንቹ አይፎን 60 ጊዜ ነው። ረጅም ዝርዝር ወደ ላይና ወደ ታች ሲያንሸራትቱ ልዩነቱ ይታያል፤ ሽያጭዎ ላይ ግን የሚጨምረው ነገር የለም። ራሙም 8 ጊጋ ለ4 ነው፣ ሆኖም አይፎን በአነስተኛ ራም እንዲሠራ ስለተቀመረ ቁጥሩን ብቻ አይተው አይፍረዱ።

በባትሪ ወረቀቱ ላይ የኤስ 21 ይበልጣል፦ 4000 ሚሊአምፒር-ሰዓት፣ የአይፎን 12 ደግሞ 2815። ነገር ግን የኮሪያውና የአውሮፓው ኤስ 21 የሚሠራበት ኤክሲኖስ 2100 የተባለው ፕሮሰሰር ሥራ ሲበዛበት ይሞቃል። ሙቀት ደግሞ ባትሪ ያወርዳል፣ ስልኩም ራሱን ለማብረድ ፍጥነቱን ይቀንሳል። የአይፎኑ ፕሮሰሰር ኤ14 በዚህ ረገድ ቆጣቢ ነው። ለማንኛውም ሁለቱም ዓመታት የተሠራባቸው ስልኮች ስለሆኑ የአዲስ ባትሪ ዋጋ ከመነሻው በበጀትዎ ይያዝ። አፕል ለአይፎን 14ና ከዚያ በፊት ለወጡት የሚሰጠው መለኪያ ከ500 ሙሉ ቻርጅ በኋላ ባትሪው 80 በመቶ እንዲይዝ ነው፤ በየቀኑ ለሚሞላ ሰው ይህ ሁለት ዓመት እንኳ አይሞላም።

ለ3 ዓመት የሚለው ሐሳብዎ ሚዛኑን ወደ አይፎኑ ይደፋዋል። አይፎን 12 በ2020 (እ.ኤ.አ.) ወጥቶ በ2025 የተለቀቀውን አይኦኤስ 26ን ተቀብሏል። በ2021 መጀመሪያ የወጣው ኤስ 21 በአንድሮይድ 11 ጀምሮ 15 ላይ ቆሟል፤ ሳምሰንግ የገባለት የደህንነት ማሻሻያም እስከ 5 ዓመት ነበር። ቴሌብርና ባንክ በአንድሮይድ 15 ላይ ነገ ሥራ ያቆማሉ ማለት አይደለም፣ ገና ለዓመታት ይሠራሉ። ግን የሱቅዎ ገንዘብ የሚያልፍበት ስልክ ቀዳዳው ከማይደፈን የሚደፈን ቢሆን ይመረጣል።

ስለዚህ ፍርዳችን ይህ ነው፦ 64 ጊጋውን ይተዉትና አይፎን 12ን በ128 ጊጋ ይፈልጉ። ካልተገኘ ወይም ኢሲም የማይሆንልዎ ከሆነ «ቢ/ዲኤስ» የሚለውን ኤስ 21 ይውሰዱ። የኮሪያው የሚያዋጣው ሁለተኛውን መስመር በሌላ ትንሽ ስልክ ለመያዝ ለተስማማ ሰው ነው፤ 256 ጊጋው ያጓጓል፣ ሲም ግን አይጨምርም።

የትኛውንም ሲገዙ የሞዴሉ ስም ሳይሆን እጅዎ ላይ ያለው ስልክ ነው የሚመረመረው። ግማሽ ሰዓት ይስጡት፣ የሚሠራ ሲምና ቻርጀር ይዘው ይሂዱ።

አይፎን ከሆነ ሴቲንግስ፣ ጀነራል፣ አባውት ውስጥ ይግቡ። «ካሪየር ሎክ» በሚለው ፊት «ኖ ሲም ሪስትሪክሽንስ» መባል አለበት። የሲም ማስገቢያውን አውጥተው ከሲሙ ጋር የተለጠፈ ስስ ቺፕ ካዩ ስልኩ ለአንድ የውጭ ኩባንያ የተቆለፈ ነው፤ አፕዴት ወይም ፎርማት ሲደረግ መስመሩ ይጠፋል፣ አይግዙት። የሞዴል ቁጥሩ በ«ኤም» ከጀመረ አዲስ ሆኖ የተሸጠ፣ በ«ኤፍ» ከሆነ በአፕል የታደሰ፣ በ«ኤን» ከሆነ በምትክ የተሰጠ ነው። እዚያው «ፓርትስ ኤንድ ሰርቪስ ሂስትሪ» የሚል ከመጣ ባትሪ፣ ስክሪን ወይም ካሜራ ተቀይሯል ማለት ነው፤ «አንኖውን ፓርት» ካለ የገባው ዕቃ ኦሪጅናልነቱ አልታወቀም። በሴቲንግስ አናት ላይ ስልኩ በድርጅት ቁጥጥር ሥር መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ ካለ ይመልሱት። ቀጥሎ ሻጩ ከአፕል አካውንቱ ፊትዎ ይውጣ፣ ስልኩ ላይ ያለው ሁሉ ይሰረዝና እንደ አዲስ ተከፍቶ እስከ መነሻ ገጹ ይድረስ። «ሄሎ» በሚለው የመጀመሪያ ገጽ ላይ ቆሞ የሚሸጥ ስልክ የተሰረቀ ሊሆን ይችላል፤ በቀድሞ ባለቤቱ አካውንት መቆለፉ የሚታየው ዋይፋይ አገናኝተው ሲቀጥሉ ነው። በመጨረሻ ደውለው በጆሮ ያዳምጡ። ከኦክቶበር 2020 እስከ ኤፕሪል 2021 ከተመረቱት አይፎን 12 ጥቂቶቹ የጆሮ ድምፅ ማጉያቸው የሚጠፋ እንደሆነ አፕል ራሱ አምኖ በነጻ ይጠግን ነበር፤ ያ ዕድል አሁን አልፏል።

ሳምሰንግ ከሆነ ስልክ መደወያው ላይ *#0*# ይጻፉ፣ የመመርመሪያ ገጽ ይከፈታል። ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊውን ከፍተው ቀጥ ያለ መስመር ወይም የኪቦርድ ጥላ ይፈልጉ፤ በነጭ ገጽ ላይ ደግሞ የተቃጠለው ቦታ ቢጫ ሆኖ ይታያል። «ተች» የሚለውን ከፍተው ሳጥኖቹን በጣትዎ ይሙሉ፣ የማይሞላ ሳጥን ካለ ስክሪኑ እዚያ ላይ ሞቷል። ከዚያ «ሴኪዩር ፎልደር»ን (የሳምሰንግን በቁልፍ የሚጠበቅ የፋይል ማስቀመጫ) ይክፈቱ። አልሠራም ካለ የስልኩ ሶፍትዌር ተነካክቷል፣ የባንክ መተግበሪያም ሊያስቸግርዎ ይችላል። በስተመጨረሻ 10 ደቂቃ 4ኬ ቪዲዮ ይቅረጹበትና ሙቀቱን በእጅዎ ይፈትሹ፤ ሞቅ ማለቱ ያለ ነው፣ ካሜራው ራሱን ከዘጋ ወይም ባትሪው በዚያች ጊዜ ከ10 በመቶ በላይ ከወረደ ግን ዋጋውን ይቀንሱ ወይም ይተዉት።

ሁለቱም ሲሸጡ ከቻርጀር ራስ ጋር አልመጡም። ሻጭ «ኦሪጅናል ቻርጀር ከካርቶኑ» ካለዎ አይመኑት። ለአይፎኑ ባለ 20 ዋት፣ ለሳምሰንጉ ባለ 25 ዋት ይበቃል።

ጥያቄ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። ጎንደር ላለችው እህቴ ያገለገለ አይፎን 14 ልልክላት ነው። ልብ ልለው የሚገባ ነገር አለ? (አንባቢ ከአሜሪካ)

መልስ፦ አለ፣ ትልቅ ነገር ነው። አሜሪካ ውስጥ የተሸጠ አይፎን 14ና ከዚያ ወዲህ የወጣው የሲም ማስገቢያ ቀዳዳ የለውም፤ በኢሲም ብቻ ነው የሚሠራው። እህትዎ ሲሟን አውጥታ ልታስገባ አትችልም። ስልክ በተበላሸ ቁጥር ሲም ነቅሎ ሌላ ላይ መሰካት ለለመደ ሰው ይህ ያስቸግራል። አይፎን 13 ቢልኩላት ይሻላል፤ ቀዳዳ አለው፣ ትንሹም 128 ጊጋ ነው።

«አንሎክድ» የተባለውን ይግዙ። በየወሩ እየተከፈለበት ያለ ስልክ ብዙ ጊዜ ዕዳው እስኪያልቅ ተቆልፎ ይቆያል፣ ኢትዮጵያ ደርሶ ደግሞ ማስከፈቻ መንገዱ ሩቅ ነው። ከመላክዎ በፊት ከአካውንትዎ ይውጡ፣ ስልኩ ላይ ያለውን ሁሉ ይሰርዙ። የግዢ ደረሰኙን ፎቶ አንሥተው ያስቀምጡ፤ ነገ አካውንት ቢቆለፍ አፕል የሚጠይቀው እሱን ነው።

ጥያቄ፦ የኤስ 21 ስክሪኔ ተሰብሮ አስቀየርኩ። ስክሪኑ ጥሩ ነው፣ የጣት አሻራው ግን ጭራሽ አልሠራም። ጠጋኙ «ሶፍትዌር ነው» ይላል። (ዳ. ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ሶፍትዌር ላይሆን ይችላል። የኤስ 21 አሻራ አንባቢ ስክሪኑ ጀርባ ላይ የተለጠፈ ሲሆን የሚያነበው በድምፅ ሞገድ ነው። ርካሹ ኮፒ ስክሪን ወፍራም ስለሆነና በውስጡ የጀርባ መብራት ስላለው ሞገዱ አያልፍም። ስልኩን ወደ ጎን አዘንብለው ጥቁር ፎቶ ይክፈቱ፤ ጥቁሩ ግራጫ ሆኖ ካበራ የገባልዎ ኮፒ ነው፣ መፍትሔውም ኦሪጅናሉን ማስገባት ብቻ ነው። ጥቁሩ ድፍን ጥቁር ከሆነ መጀመሪያ የለጠፉትን መከላከያ መስታወት ያንሡ። በመስታወቱና በስክሪኑ መካከል አየር ካለ አሻራው አያነብም፤ ለዚህ ስልክ የሚሆነው ስስ የፕላስቲክ ሽፋን ወይም በፈሳሽ ሙጫ የሚጣበቀው መስታወት ነው። ከዚያ የድሮውን አሻራ አጥፍተው እንደገና ያስመዝግቡ።

ጥያቄ፦ ያገለገለ አይፎን 12 ገዛሁ፤ ባትሪው 100 በመቶ ይላል። እውነት ሊሆን ይችላል? (ሰ. ከደሴ)

መልስ፦ የሚሆነው ባትሪው ከተቀየረ ብቻ ነው። የተቀየረ ከሆነ አባውት ውስጥ ይጻፋል። ምንም ሳይጻፍ 100 የሚል ከሆነ ይጠርጥሩ፤ ጥገና ቤቶች በያዙት መሣሪያ የባትሪውን ቺፕ ቁጥር መቀየር ይቻላል። በኮምፒውተር 3ዩቱልስ በሚባለው የስልክ መመርመሪያ ፕሮግራም ቢያዩም የሚያነበው ያንኑ ቺፕ ስለሆነ አያድንዎትም።

የሚታመነው አጠቃቀሙ ነው። 100 ሞልተው ብርሃኑን ግማሽ ላይ አድርገው ከስልኩ ውስጥ ያለ ቪዲዮ ለ1 ሰዓት ያጫውቱ። ጤነኛ ባትሪ ከ10 በመቶ ብዙም አይወርድም። 20 ከወረደ ወይም 30 በመቶ ላይ እያለ በድንገት ከጠፋ ቁጥሩ ውሸት ነው። ስክሪኑ በጎኑ ከፍሬሙ ብድግ ካለ ደግሞ ባትሪው አብጧል፦ ቻርጅ ማድረጉን አሁኑኑ ያቁሙ፣ ስክሪኑን ተጭነው ለመመለስ አይሞክሩ፣ ከትራስና ከፍራሽ አርቀው ወደ ጥገና ቤት ይውሰዱት።